ስለተወራለት ቦክሰኛ ከመፍረዳችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

አንድ ቦክሰኛ ሦስት አራት ሰው በተከታታይ በዝረራ ሲጥል «የዘመኑ ንጉሥ እሱ ነው» ይባላል። አንድ ቀን ሲሸነፍ ደግሞ ያው አወዳሽ «ድሮም የወሬ ነበር» ብሎ ያርፈዋል። ዕድሜዬን በአሠልጣኝነት ስላሳለፍኩ ሁለቱም ያሳዝነኛል። ውጤቱን እንጂ ግጥሚያውን ያላየ ሰው ፍርድ ነውና።

ቦክሰኛን መመዘን ያለባችሁ ያሰበው ሁሉ አልሳካ ሲለው በሚያደርገው ነገር ነው። ሲመቸው ጎበዝ የማይመስል የለም።

መጀመሪያ ግን ሪከርዱን፣ ማለትም የግጥሚያ ታሪኩን፣ ማንበብ ልመዱ። ስንት ጊዜ አሸነፈ የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ተጋጣሚው በዚያ ቀን ዕድሜው ስንት ነበር? ከዚያ በፊት በነበረው ግጥሚያ ተዘርሮ ነበር? በራሱ ሚዛን ነው የመጣው ወይስ ከቀላል ሚዛን ተስቦ? በቂ ጊዜ ተዘጋጅቷል ወይስ የሌላ ሰው ምትክ ሆኖ በጥድፊያ የተጠራ ነው? ጀማሪን በቀላል ተጋጣሚ ማሳደግ ነውር የለውም፤ እኛ አሠልጣኞችም እናደርገዋለን፤ ልጁ መማር አለበት። ነውሩ ልጁ አድጎም ያው ዓይነት ተጋጣሚ ሲቀርብለት ነው። ቀበቶም፣ ማለትም የሻምፒዮንነት ምልክቱ፣ አያታልላችሁ። በፕሮፌሽናል ቦክስ ቢያንስ 17 የክብደት ደረጃዎችና አራት ዋና ዋና ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶች ስላሉ በአንድ ሚዛን ብዙ «የዓለም ሻምፒዮን» በአንድ ጊዜ ሊኖር ይችላል። በዚህ በኩል ዩክሬናዊውን ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክን አከብረዋለሁ። በ2018 ማይሪስ ብሪዲስን ሪጋ፣ ሙራት ጋሲየቭን ሞስኮ፣ ቶኒ ቤሊውን ማንችስተር ድረስ ሄዶ በየደጃቸው አሸነፈ። በ2021 ደግሞ አንቶኒ ጆሹዋን ለንደን ላይ። ተመልካቹ ሁሉ ለሌላው በሚጮህበት አዳራሽ በነጥብ፣ ማለትም በዳኞች ፍርድ፣ ማሸነፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ጥግ ላይ የቆመ አሠልጣኝ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሪንጉ እንግባ። እንግሊዛዊው ናዚም ሐመድ በሚያዝያ 2001 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ ጋር ሲገጥም 35 ጊዜ አሸንፎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም ነበር፤ 31ዱን ያሸነፈው ከነጥብ በፊት ጨርሶ ነው። እጁን ወደ ታች ጥሎ፣ አገጩን ከፍ አድርጎ ይገባና ከየት እንደመጣ በማይታወቅ የግራ ቡጢ ሰው ይጥላል። ጉድለቱ ግን የተደበቀ አልነበረም። በ1997 ኬቪን ኬሊ በዚያው ከፍ ባለ አገጩ ሦስት ጊዜ ጥሎታል። ሐመድ ተነስቶ ስላሸነፈ ሰው ሁሉ መነሳቱን አየ፤ ለምን እንደወደቀ የጠየቀ ጥቂት ነው። ባሬራ ጠይቋል። እንደ ልማዱ ተፋጥጦ ከመደባደብ ይልቅ ከሐመድ ግራ እጅ እየራቀ ዞረ፣ በጃብ (ፊት ባለው እጅ በሚሰነዘር ቀጥ ያለ ቡጢ) ጠበቀው፣ ሐመድ ስቶ ሚዛኑ በተናጋ ቁጥር በግራ ሁክ (ከጎን ታጥፎ በሚመጣ ቡጢ) መታው። እዚህ ላይ የሐመድን እግር ብቻ ተከትላችሁ እዩ። ቡጢ ስቶ እግሩ ተሻግሮ ይቀራል፤ እስኪመልሰው ድረስ መከላከልም መምታትም አይችልም። እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ያው ነው፤ ሌላ ዘዴ አላመጣም። በመጨረሻው ዙር ባሬራ የሐመድን ጭንቅላት ከጥጉ ትራስ ጋር በማጋጨቱ አንድ ነጥብ ቢቀነስበትም ሦስቱም ዳኞች ለእሱ ፈረዱ።

ታዲያ ሐመድ የወሬ ቦክሰኛ ነበር? አይደለም። ያ ኃይልና ያ የጊዜ አጠባበቅ በውሸት አይመጣም። ግን ሁለተኛ መልስ አልነበረውም፤ ምርጥ በሚባለውና ከምርጦች ሁሉ በላይ በሚባለው መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ሁለተኛ መልስ ያለው ምን እንደሚመስል ለማየት በኅዳር 2019 ጃፓን ሳይታማ ላይ ናኦያ ኢኖዌ ከኖኒቶ ዶኔር ጋር ያደረገውን እዩ። ተጋጣሚዎቹን በጥቂት ዙር የሚጨርስ ስለነበር «ጠንካራ ሰው አልገጠመውም» ይባል ነበር፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነበር። በሁለተኛው ዙር የዶኔር ግራ ሁክ ቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ያለውን አጥንት ሰበረው። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ እየታየው አሥር ዙር ቀጠለ። ቸኩሎ ለመጨረስ አልሞከረም፤ ርቀቱን አስተካከለ፣ ዙር መረጠ፣ በአሥራ አንደኛው ጎኑን መትቶ ጣለው፤ በነጥብም አሸነፈ። በእኔ ፍርድ ከዝረራዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ሽንፈት ብቻውን ማስረጃ እንዳይመስላችሁ። ጆሹዋ በሰኔ 2019 ምትክ ሆኖ በመጣው አንዲ ሩዊዝ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በእግሩና በጃቡ ርቀት ጠብቆ በነጥብ ቀበቶዎቹን አስመለሰ። አጨዋወቱ ለዓይን አይጥምም ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ከስህተቱ የተማረ ሰው ስላየሁ ደስ ብሎኛል።

ስትመለከቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፉ፤ የተንታኙ ጩኸት ያልገባውን ቡጢ የገባ ያስመስላል። ወረቀት ይዛችሁ እያንዳንዱን ዙር ራሳችሁ ዳኙ። ለመጀመር የቫሲል ሎማቼንኮን ሁለት የ2014 ግጥሚያዎች እመርጥላችኋለሁ፤ በመጋቢት በኦርላንዶ ሳሊዶ የተሸነፈበትን፣ በሰኔ ጋሪ ራስልን ያሸነፈበትን። ሁለቴ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኖ ገና በሁለተኛ የፕሮፌሽናል ግጥሚያው ነበር የተሸነፈው። ሁለቱን አከታትላችሁ እዩና በመካከላቸው ባሉት ጥቂት ወራት ምን እንደጨመረ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።