ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሚቀሩ ልብ ወለዶች እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ስለ መጻፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል እንዴት እንደሚጀመር የጠየቀኝ ሰው የለም። መጀመር ለሁላችንም የቀለለን ይመስላል። ስማችን አይውጣ ያላችሁትን አላወጣሁም፤ ረጃጅም ደብዳቤዎችንም አሳጥሬያቸዋለሁ። ያው እንደተለመደው ቅር አትሰኙ። ጥያቄው ይቀድማል፣ መልሴ ይከተላል።

ሦስት ልብ ወለዶች ጀምሬ ሦስቱም ሦስተኛው ምዕራፍ አካባቢ ቆመውብኛል። ሁሌ የሚሆነው አንድ ነው። ተሟሙቄ እጀምራለሁ፣ አንድ ቀን እስቲ ከመጀመሪያው ላንብበው እላለሁ፣ አንደኛው ምዕራፍ ያስጠላኛል፣ እሱን ሳስተካክል ወሩ ያልቃል፣ ከዚያ አዲስ ሐሳብ ይመጣና ያኛውን እተወዋለሁ። ችሎታ የለኝም ማለት ነው?

ችሎታ ይኑርህ አይኑርህ ከዚህ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም። ባላለቀ ነገር ላይ ማን ይፈርዳል? በሽታህ ግን ይታወቃል፣ ራስህ ጽፈኸዋል። «እስቲ ከመጀመሪያው ላንብበው» ያልክባት ቀን ናት።

መጻፍና ማረም ሁለት ሥራ ነው። ለመጻፍ ድፍረት ይፈልጋል፣ ለማረም ጥርጣሬ። ሁለቱን ባንድ ቀን ካገናኘሃቸው የሚያሸንፈው ጥርጣሬው ነው፤ ምክንያቱም እሱ የሚተቸው ነገር ገጹ ላይ ተቀምጦለታል፣ ድፍረትህ የሚከራከርለት ነገር ደግሞ ገና አልተጻፈም። በዚያ ላይ መጨረሻውን ሳታውቅ መጀመሪያው ምን መምሰል እንዳለበት በምን ታውቃለህ? ረቂቁን ከጨረሰ በኋላ አንደኛውን ምዕራፍ እንዳለ አውጥቶ የሚጥል ጸሐፊ ብዙ ነው። ታሪኩ በትክክል የሚጀምረው ሁለተኛው ላይ ሆኖ ያገኘዋል። አንተ ወር ሙሉ ስታሽሞነሙነው የከረምከውም ከሚጣሉት አንዱ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ አድርግ። ረቂቁ እስኪያልቅ ድረስ ወደኋላ ተመልሰህ የምታነበው ትናንት የጻፍካትን የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ይሁን፤ እሷንም ድምፁን ለመያዝ እንጂ ለማረም አይደለም። መቀየር ያለበት ነገር ትዝ ሲልህ አትመለስ። ያለህበት ቦታ ላይ በቅንፍ ጻፈውና እለፍ። አሥረኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰህ «ይሄ ሰውዬ እህት ብትኖረው ኖሮ» ብለህ ካሰብክ፣ [ከዚህ ጀምሮ እህት አለችው፣ 2ኛው ምዕራፍ ላይ ትግባ] ብለህ ጽፈህ እህቱ ድሮም እንደነበረች አድርገህ ቀጥል። ረቂቁ ይዘበራረቃል። ይዘበራረቅ፣ ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ልምጣ፤ ብዙ ሰው እዚያው ነው የሚቆመው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። እዚያ አካባቢ የመነሻው ሐሳብ ያልቃል። «አንድ ሰው ከጠፋ ወንድሙ ደብዳቤ ይደርሰዋል» የሚል ሐሳብ ለሁለት ምዕራፍ ይበቃል። ደብዳቤው መጣ፣ ተነበበ፣ ሰውየው ደነገጠ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ታሪኩን የሚጎትተው ሰውየው የሚፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ ስትቆም «ቀጥሎ ምን ይፈጠር?» ብለህ አትጠይቅ፣ መልሱ ሺህ ስለሆነ የትም አያደርስህም። ይሄ ሰው ዛሬ ምን ይፈልጋል? ማንስ ይከለክለዋል? ደብዳቤውን ከእናቱ መደበቅ ይፈልጋል እንበል። እናቱ ደግሞ ፖስታውን ቀድማው አይታዋለች፣ ግን አልነገረችውም። ይኸው አራተኛ ምዕራፍ አገኘህ።

አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ የሚታወቅበት አንድ ምክርም አለ፤ በየቀኑ ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቅህ አቁም። አብዛኞቻችን የምናቆመው ሲነጥፍብን ነው፣ ከዚያ በማግስቱ ባዶ ገጽ ላይ እናፈጣለን። ግማሽ ላይ የቀረ ዓረፍተ ነገር ግን ወዲያው ይጠራሃል።

አዲሱ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ሁሌ የሚመጣው የድሮው ሲከብድ ነው። አንድ ገጽ ላይ ጻፍና ዝጋው። ከሦስቱ የትኛውን ልቀጥል ብትለኝ ደግሞ ብዙ የተጻፈውን ትተህ፣ መጨረሻው በጭላንጭልም ቢሆን የሚታይህን ያዝ እልሃለሁ።

ምልልስ መጻፍ አቅቶኛል። ጓደኛዬ «ገጸ ባሕርያትሽ ዜና የሚያነቡ ነው የሚመስሉት» አለችኝ። ቁራጭ ልኬልሃለሁ፣ ሳትራራ እየው።

እሺ፣ ሳልራራ። የላክሽው ይሄ ነው፦

«ወንድሜ ሆይ፣ እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱን ግን እስካሁን አልተካፈልንም» ስትል በቁጣ ገለጸች።
«አዎ እህቴ፣ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ ቤቱ እንዲሸጥ አልፈልግም» በማለት በሐዘን አስረዳ።

ጓደኛሽ ልክ ናት። የምታጋልጥሽ «እንደምታውቀው» የምትለዋ ናት። ወንድሟ የሚያውቀውን ለምን ትነግረዋለች? የምትነግረው ለኛ ለአንባቢዎች ነው፣ ያ ደግሞ ያስታውቃል። ሰው ለሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን አይተርክም። ሲጣላማ ጭራሽ ዋናውን ነገር አያነሳም፣ ዳር ዳሩን ነው የሚለው። ስለ ቤት የተጣላ ሰው በቁልፍ፣ በበር፣ በአጥር ነው የሚነታረከው። እስቲ ይሄን እዪው፦

«ቁልፉን ቀየርከው።»
«ዝጎ ነበር።»
«አምስት ዓመት ሙሉ ያልዛገ?»
«ግቢ በቃ፣ ብርድ ነው።»
«እንግዳ ነኝ እንዴ፣ ግቢ የምትለኝ?»

ቤት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ ጠቡ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ማን ከውጭ እንደቆመ ገብቶናል። «በቁጣ» የሚል ቃል የለም፣ መቆጣቷን ግን ማንም አይስተውም። የአባታቸው መሞት አልተነገረም፣ ይቆይ። አንባቢ ሦስት ገጽ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም እየጠበቀ ነው የሚያነበው።

ሁለተኛው ነገር «ስትል ገለጸች»፣ «በማለት አስረዳ»፣ «ሲል አክሏል» የሚሉት ናቸው። ይሄ የዜና ቋንቋ ነው። «አለ» እና «አለች» ይበቁሻል፤ ብትደጋግሚያቸውም ግድ የለም፣ የአንባቢ ዐይን አያያቸውም። ሁለት ሰው ብቻ በሚነጋገርበት ቦታ ደግሞ ማን እንደተናገረ በየመስመሩ መጥቀስም አያስፈልግም።

ሌላም በእጅሽ ያለ መሣሪያ አለ፣ አንቱታው። ለሃያ ገጽ «እርስዎ» ሲላት የከረመ ሰው ድንገት «አንቺ» ካላት፣ አንድ ነገር ተሰብሯል ወይም ተቀራርበዋል ማለት ነው። ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይህን ዕድል ይዘን «ግንኙነታቸው ከዕለት ወደ ዕለት እየተቀየረ መጣ» ብለን መጻፋችን ይገርመኛል።

ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው። በሹክሹክታ አይሆንም። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ፣ ማረም የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ሥራዬን ለአሳታሚዎች መላክ ፈልጌ ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብዬ ሁለት ዓመት ይዤው ተቀምጫለሁ። ምን ዋስትና አለኝ?

ሐሳብ በቅጂ መብት አይጠበቅም። የሚጠበቀው የጻፍከው ጽሑፍ ነው። በ1886 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል፣ የበርን ስምምነት፣ አባል በሆኑ አገሮች ጥበቃውን ለማግኘት ምዝገባ አይጠየቅም፣ ጥበቃው የሚቆይበት ትንሹ ዘመን ደግሞ የደራሲው ዕድሜ እና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ረቂቅህን ቀኑ በሚታይበት ኢሜይል ላክ፣ ቅጂውን አስቀምጥ፣ አለቀ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ አንድን ሐሳብ ሰርቆ 300 ገጽ አድርጎ ለመጻፍ የሚታገስ ሌባ ካለ የራሱን ቢጽፍ ይቀለው ነበር። ላከው።

ሁለት ልጆችና የሙሉ ቀን ሥራ አለኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስቀመጥ ዐይኔ ይከደናል። መጻፍ ሥራ ለሌለው ሰው ነው እንዴ?

እንደሱ ቢሆን ኖሮ የምናነበው ነገር ባልኖረ። ደራሲው ካፍካ ፕራግ ውስጥ የሠራተኞች አደጋ መድን መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር፣ የሚጽፈው ሌሊት ነው። አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል እየጻፈ ነው ሥራ የሚገባው። ቶኒ ሞሪሰን ባሏን ፈታ ሁለት ወንዶች ልጆች ለብቻዋ እያሳደገች፣ በአርታኢነት እየሠራች፣ ጎህ ሳይቀድ ትጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ 39 ዓመቷ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር።

ይህን የምነግርሽ «እነሱ ከቻሉ አንቺስ» ለማለት አይደለም፣ እንዲህ ያለ ምክር እኔንም ያናድደኛል። ካፍካ የሚያስተኛው ልጅ አልነበረውም። የምልሽ ከሰዓቱ ጋር አትታገዪ ነው። ማታ ዐይንሽ ከተከደነ ማታ የመጻፊያሽ ጊዜ አይደለም። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት፣ ልጆቹን ስትጠብቂ መኪና ውስጥ ወይም ደጃፍ ላይ፣ አንዱን ምረጪ። 300 ቃል በቀን፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ብትጽፊ 75,000 ቃል ይሆናል። አማርኛ ባንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ያ ደህና ወፍራም መጽሐፍ ነው።

አንድ ቀን ቢያመልጥሽ በማግስቱ 600 ለመጻፍ አትሞክሪ። ዕዳው ይጠራቀምና ሦስተኛው ቀን ላይ ጭራሽ ትተይዋለሽ። ያለፈው አለፈ፣ ዛሬ 300 ነው። ሌላው ደግሞ የዕለቱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከመቀመጥሽ በፊት አዘጋጂው፣ ዕቃ እያጠብሽም ሆነ በመንገድ ላይ። ከጠፋብሽ ስልክሽ ላይ በድምፅ ቅጂው። ግማሽ ሰዓት ይዞ የተቀመጠ ሰው አሥሩን ደቂቃ በማሰብ ካጠፋ ምን ቀረው?

ሁለት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ። ለሦስተኛው ያገኘሁት አሳታሚ የላከልኝ ውል «ሁሉንም መብት፣ በማናቸውም መልክ፣ ያለ ጊዜ ገደብ» ይላል። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው። ልፈርም?

እንደዚህ እንዳለ አይፈርሙ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ይሆናል፤ ውል የሚያስፈልገው ግን ጥሩው ሰው ድርጅቱን ለሌላ የሸጠ ዕለት ነው።

መብት የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። የኅትመት፣ የኦዲዮ ቡክ፣ የትርጉም፣ የፊልም፣ የዲጂታል እየተባለ ይከፋፈላል። አሳታሚው የሚያትም ብቻ ከሆነ የፊልሙን መብት ምን ያደርግለታል? የሚሠራበትን ይስጡት፣ የቀረውን ያስቀሩ። የጊዜ ገደብ ያስገቡ። መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወደ እርስዎ የሚመለስበት አንቀጽም ይኑር። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ፣ ዲጂታል ቅጂ ያለው መጽሐፍ ከገበያ ጠፋ ሊባል ስለማይችል «በዓመት ከዚህ በታች ከተሸጠ» የሚል ቁጥር ይጻፍ።

ሮያሊቲው፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለደራሲው የሚደርሰው ድርሻ፣ ከምን እንደሚታሰብም ይዩ። ሽፋኑ ላይ 100 የተጻፈበትን መጽሐፍ አሳታሚው ለሻጭ በ50 ቢያስረክብ፣ ከሽፋን ዋጋው 10 በመቶ ማለት 10 ነው፤ አሳታሚው ከሚያገኘው ገቢ 10 በመቶ ማለት ግን 5። በወረቀት ላይ ሁለቱም «10 በመቶ» ነው የሚመስሉት። የሽያጭ ሪፖርት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደርስዎትና ሒሳቡን የማየት መብት እንዳለዎትም ይካተት። ከዚያ በፊርማው ዋዜማ ለጠበቃ ያሳዩት። አሳታሚው «በኔ አታምንም?» ካለዎት ደግሞ ያኔ ሌላ አሳታሚ መፈለግ ይጀምሩ።

ረቂቄን ለጓደኞቼ ሰጠሁ፤ ሁሉም «ግሩም ነው» ይላሉ። አላመንኳቸውም።

ደግ አደረግህ። ጥፋቱ ግን የጥያቄህም ነው፤ «እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ጓደኛ ሌላ ምን ይላል? የት ቦታ ላይ ለሌላ ቀን እንዳስቀመጠው ጠይቀው። የትኛውን ገጸ ባሕርይ ከማን ጋር እንዳምታታ፣ የት ጋ እየዘለለ እንዳነበበ። እነዚህን ለመመለስ ጨካኝ መሆን አያስፈልግም፣ ማስታወስ ብቻ ነው። ሲነግርህ አትከራከር፣ አታብራራ፣ ጻፈው። አንድ ሰው ብቻ የቆመበትን ቦታ ልታልፈው ትችላለህ፤ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን የሰጡህ ምክንያት ባይጥምህም እዚያ ገጽ ላይ የሆነ ችግር አለ።

ስለ ግጥም የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው እትም ቆይታችኋል።