«ዳታዎች» ማለት ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ «ዳታዎች» ያልኩበትን ሁሉ በቀይ ሰረዙት። «ዳታ በላቲን ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። ‹መምህራኖች› እንደማለት ነው» አሉኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ በላቲኑ አማካሪህ ልክ ናቸው። በአማርኛው ግን አልስማማም።

በላቲን «ዳሬ» መስጠት ነው። ከግሱ «ዳቱስ» የሚል ቅጽል ይወጣል፤ የተሰጠ ማለት ነው። ግዕዝ ከ«ወሀበ» «ውሁብ» እንደሚያወጣው መሆኑ ነው። ቅጽሉ እንደሚገልጸው ስም ይለዋወጣል። ለወንድ ዳቱስ፣ ለሴት ዳታ። ላቲን ወንድም ሴትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ስላለው ለዚያ ደግሞ ዳቱም ይላል። ቅዱስና ቅድስትን ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም። የዳቱም ብዙ ቁጥር ዳታ ነው፤ «የተሰጡ ነገሮች»። ባለቤትም ሆነ ተሳቢ ቅርጹ ያው ነው። አገናዛቢ ሲሆን ግን ዳቶሩም ይባላል።

የሴቷ ነጠላና የሦስተኛው ጾታ ብዙ አንድ ቅርጽ መሆናቸውን ልብ በል። ሴቷም ዳታ ሥራ አልፈታችም። ደብዳቤ በላቲን አንስታይ ነውና፣ ድሮ ደብዳቤ ላይ «በዚህ ቀን ሮም ላይ የተሰጠች» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እያደር ቃሉ የቀኑ መጠሪያ ሆነና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። «ዛሬ ዴት አለኝ» የሚሉት ልጆች ቃሉን ያገኙት ከዚህችው ዳታ ነው!

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ «መምህራኖች» ጆሮ የሚቆረቁረው መምህርንም መምህራንንም ስለምናውቅ ነው። ዳታ ግን አማርኛ ውስጥ ሌላ ነጠላ የለውም። «አንድ ዳቱም ስጠኝ» ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? «ዳታ አለቀብኝ»፣ «ዳታህን አጥፋ» ስንል ቃሉ ለእኛ ነጠላ ነው። አጀንዳም በላቲን ብዙ ነው፤ «መደረግ ያለባቸው ነገሮች» ማለት ነው። ሆኖም «የስብሰባው አጀንዳዎች» ሲባል ማንም ቀይ እስክሪብቶ አያነሳም።

እኔ ብሆን ሁለቱንም እንደየቦታው እጠቀማለሁ። ከአንድ መጠይቅ የተሰበሰበው ክምር «ዳታው» ቢባል ያምራል፤ «ዳታው ተተንትኗል» እንደማለት። ምንጫቸው የተለያየ ከሆነ ግን «ሁለቱ ዳታዎች አይጣጣሙም» ብለህ በልበ ሙሉነት ጻፍ። አማካሪህ አሁንም እምቢ ካሉ «ጥሬ መረጃዎች» በልና ተገላገል፤ እሱ ላይ የሚከራከሩህ አይመስለኝም።