ባንኩ ይቆይ፣ ጥቅልሉን ጨርሺው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሬዳዋ ውስጥ የመካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ የባጃጅን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሾክ አብዞርበር (የጎማውን ዝላይ የሚያበርደው ክፍል) ነው። አጎትሽ ባንክ ቤት ሥራ አግኝተውልሽ «በሾክ አብዞርበር እንጀራ አይበላም፤ ቀላል ርዕስ ይዘሽ ቶሎ ጨርሺ» ብለውሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ኦዲ የሠራውን አንቺ ምን ልትጨምሪበት ነው?» ይሉሻል።

ከኦዲ ልጀምር። የጀርመኑ መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቀው፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሾክ በሙከራ ጊዜ በጀርመን መንገዶች ላይ በአማካይ ከ100 እስከ 150 ዋት ሰጥቷል። አዲስ በተነጠፈ አውራ ጎዳና 3 ዋት፣ በተጎሳቆለ መንገድ ግን 613 ዋት። ያ ከባጃጅ በጣም የሚከብድ የቤት መኪና ነው። ባጃጅ ቀላል ናት፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የምትሰጥሽ። ስለዚህ «ነዳጅ በግማሽ ይቀንሳል» ያልሽውን ዛሬውኑ ሰርዢው። አንድ መብራት ካበራልሽ ይበቃል።

አሁን ወደ አጎትሽ። ክፉ አላሰቡም። ግን የሚያወሩት ስለ ደሞዝ ነው። አባትሽ የባጃጁን ብድር ለመክፈል ያንቺን ደሞዝ እየጠበቁ መሆኑንም ጽፈሻል። እውነቱን ልንገርሽ፦ ብድሩ ያንቺ አይደለም። አግዣቸው፣ ደስ ይበልሽ። ግን በወር ስንት፣ እስከ መቼ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሳትነጋገሩ ከገባሽበት፣ ብድሩ አልቆም ሌላ ጉዳይ ይመጣል፤ አንቺም ካውንተር ላይ አምስት ዓመት ትቀመጫለሽ። ከዚያ በኋላ ወደ ምህንድስና መመለስ ይከብዳል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እኔ ተመርቄ የገባሁት የተቃጠለ ሞተር ሪዋይንድ የሚደረግበት ሱቅ ነው። ቤተሰቤ አፍሮብኝ ነበር። ከጉድጓድ የወጣ የፓምፕ ሞተር ሲከፈት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ልብስ ላይ ሳምንት ይቆያል። ጥቁሩን ሽቦ ፈትቼ፣ ዙሩን አንድ በአንድ ቆጥሬ በአዲስ መዳብ እጠመጥማለሁ። በኋላ ቀጣሪዎች ስለ ዲግሪዬ ሳይሆን ስለ እሱ ነበር የሚጠይቁኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ሞተርና ጥቅልል (የተጠመጠመ ሽቦ) የሚያውቅ እጅ የበለጠ ይፈለጋል።

ያንቺ ሾክ አብዞርበርም ያው ማግኔትና ጥቅልል ነው። ጎማው ሲዘል ማግኔቱ በጥቅልሉ ውስጥ ይመላለሳል፣ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ተራው ሾክ ያንን ጉልበት ዘይት ውስጥ ሙቀት አድርጎ ነው የሚያባክነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የጥቅልሉን ሁለት ጫፍ ለያይተሽ ማግኔቱን በእጅሽ ግፊው፣ ቀለል ይላል። ጫፎቹን አገናኝተሽ ድገሚው፣ ማር ውስጥ የምትገፊ ይመስልሻል። ንዝረቱን የሚያበርደው ያ ኤሌክትሪክ ሲወሰድ የሚፈጠረው ተቃውሞ ራሱ ነው። ብዙ ኃይል ልውሰድ ስትዪ የተሳፋሪው ምቾት ይለወጣል። ከኦዲ በኋላም ቢሆን ባጃጅ ላይ የሚለካ ጥያቄ ይሄ ነው።

ማስተርስ የመቀጠሉን ሐሳብ ለጊዜው እርሺው። የፕሮጀክቱ አማካሪሽ ካመነቱ፣ የለካሽውን ቁጥር አሳዪያቸው፣ ክርክር አያስፈልግም።

ለባንኩ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ቀፊራ አካባቢ ካለ ጋራዥ አንድ የወደቀ የባጃጅ ሾክ ለምኚ። ጥቅልሉን ራስሽ ጠምጥሚው። አንዴ በአስፋልት፣ አንዴ በኮብልስቶን ይዘሽው ዙሪና ያገኘሽውን ዋት ጻፊልኝ። ትንሽ ቢሆንም አትፈሪ።