ክሊኒክ በር ደርሳ ለምትመለሰው እህት

ከኮምቦልቻ የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። መንጋጋሽ ከተቦረቦረ 2 ዓመት አልፎታል፤ 3 ጊዜ ጥርስ ክሊኒክ በር ደርሰሽ ተመልሰሻል፤ «ፍርሃቱን እንዴት ተወጣችሁት?» ነው ያልሽው። አብሽሪ። እኔ 11 ዓመት ሸሽቻለሁ። ያውም ደሴ ላይ ባጃጅ እየነዳሁ፣ ሰዉን ጥርስ ክሊኒክ በር ላይ እያወረድኩ።

ፍርሃቴ መነሻ አለው። ልጅ ሆኜ ጉንጬ አብጦ አባቴ ሊያስነቅልልኝ ወሰደኝ። የት እንደሆነ ይቅር። ሰውዬው መርፌውን ወጋኝና ወዲያው ጉጠቱን አነሳ። «ያመኛል!» ብዬ ስጮህ «ወንድ አይደለህም እንዴ!» አለኝ። አባቴ ሁለቱን እጆቼን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ሕመሙን ረስቼዋለሁ። እጄን መያዜን ግን እስካሁን አልረሳሁም።

ካደግሁ በኋላ ሌላኛው ሲቦረቦር ያልሞከርኩት የለም። እናቴ ቅርንፉድ ታስነክሰኛለች። ቅርንፉድ አይናቅም፣ ዘይቱ እውነትም ያደነዝዛል። ቀዳዳ ግን አይደፍንም። አንድ ሌሊት ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ለጥፌ አደርኩ፤ ጠዋት ጥርሴም ያመኛል፣ ድዴም ተልጧል። ሲያብጥ ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን እገዛለሁ። እብጠቱ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ከሞተ ደም አይደርሰውም፣ መድኃኒቱም አይደርሰውም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ! እናንተ ጋ እንኳ ሞቅ ይላል።

አንድ ቀን ከመነኸሪያ አንዲት እናት አሳፈርኩ። በዋጋ ሲጨቃጨቁኝ፣ ሲመርቁኝ፣ ደግሞ ሲጨቃጨቁኝ ክሊኒኩ ደረስን። «ጠብቀኝ ልጄ» ብለው ገቡ። ሲወጡ ጥጥ ነክሰዋል፣ መናገር አይችሉም። ያበጠውን ጉንጬን አዩት። በጣታቸው ጉንጬን፣ ከዚያ በሩን አሳዩኝ። ያን ቀን ሸኘኋቸውና ተመልሼ ገባሁ።

የገባሁት ግን ለመታከም አልነበረም፤ ለእኔ የጠቀመኝም ይኸው ነው። ካርድ አወጣሁና ለሐኪሟ «ዶክተር፣ እኔ እፈራለሁ። ዛሬ ማየት ብቻ ነው፣ ምንም እንዳትነኪኝ» አልኳት። አልሳቀችብኝም። መስታወቷን አስቀምጣ ወንበሩን ቀና አደረገችልኝና «ምን ሆነህ ነበር?» አለችኝ። የልጅነቱን ነገርኳት።

ያኔ ለምን እንዳመመኝ ገባኝ። ማደንዘዣው እስኪሠራ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ሰውዬው አልጠበቀም። በዚያ ላይ መግል የቋጠረ ቦታ አሲድነቱ ስለሚጨምር መድኃኒቱ ወደ ነርቩ በደንብ አይገባም። አየሽ፣ «ሲብስብኝ እሄዳለሁ» ማለት ማደንዘዣው በሚደክምበት ቀን መሄድ ነው። ያንቺ ሌሊት እየጠዘጠዘ የሚቀሰቅስሽ ካልሆነ በመሙላት ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አሁን ሂጂ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ግራ እጄን ሳነሳ ልታቆም ተስማማን። መሣሪያውን ገና አፌ ውስጥ ስታስገባ እጄን አነሳሁ። አላመመኝም፤ እውነት ታቆም እንደሆነ ልያት ብዬ ነው። አቆመች። «ምነው?» አለች። «ምንም» አልኩ፣ አፍሬ። ከዚያ በኋላ አንዴም አላነሳሁም።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልቀር። መርፌው በገባ በደቂቃው ልብሽ ድው ድው ሊል ይችላል። ከማደንዘዣው ጋር አብዛኛውን ጊዜ አድሬናሊን ይቀላቀላል፣ ከእሱ ነው፤ ወዲያው ያልፋል። እኔ ግን ልሞት መስሎኝ ነበር! ከዚያ ከንፈሬ የባጃጅ ጎማ አከለ። ጥርሱ የሚነቀል ከሆነ መገፋቱና መጎተቱ ይሰማሻል፣ ቋ የሚል ድምፅም አለ። የሚወጋ ሕመም ግን የለውም።

ጠዋት የመጀመሪያዋ ሁኚ፤ ተራ እየጠበቁ የሌላውን ማቃሰት መስማት ነው ሰውን የሚገድለው። ቁርስሽን ብዪ፣ በባዶ ሆድ መርፌ ያዞራል። የዚያን ቀን ጠዋት ቡናውን ከአቦል አታሳልፊው፣ ጫት የምትቅሚ ከሆነም ተዪውና ለሐኪሙ ንገሪ፤ ሁለቱም ልብ ያስሮጣሉ። የደም ግፊት፣ እርግዝና፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለም ሳትጠየቂ ተናገሪ። «አፌን አይተው ይታዘቡኛል» የምትዪ ከሆነ ደግሞ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት የተቦረቦረ ጥርስ ነው።

የግድ መነቀል ካለበት፣ ጥጡን 30 ደቂቃ ያህል ጥብቅ አድርገሽ ንከሺ። እስከ 24 ሰዓት መጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ መትፋት፣ ትኩስ ቡና የለም። ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋው ደም ነው፣ እሱ ከተነሳ ስቃይ ነው። በማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውሃ ጀምሪ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከባሰብሽ ተመለሺ፤ ችለሽ አትቀመጪ።

ደሴ መጥተሽ መታከም ካማረሽ ከመነኸሪያ የሚያደርስሽ አለ። ስትሄጂ በዋጋ ተጨቃጨቂኝ። ስትመለሺ ጥጥ ነክሰሽ ስለሆነ እኔ አሸንፋለሁ።