ኦባማ ስፕሪንግፊልድ ላይ ስምንት አመት ምን ሲሰራ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ነው የምጽፍላችሁ። ኦባማ ፕሬዝዳንት ከመሆኑ በፊት ሴናተር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔ የማውቀው ወደ አራት አመት ገደማ እንደሆነ ነው፣ አንዱ ጓደኛዬ ግን የለም ከ1997 ጀምሮ ሴናተር ነበር ብሎ ድርቅ አለ። ማንኛችን ነን ልክ? ደሞስ እዛ ቁጭ ብሎ የሰራው ነገር አለ ወይስ መወጣጫ ብቻ ነው ያደረገው?

መልስ፦ ወንድማችን ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ክርክሩን ያመጣው አሜሪካ ውስጥ ሴናተር የሚባለው ሰው ሁለት አይነት መሆኑ ነው። አንደኛው ዋሽንግተን ያለው የሀገሪቱ ሴኔት ነው፣ ከ50ዎቹ ስቴቶች ሁለት ሁለት ሰው እየተመረጠ 100 ሆነው ይቀመጡበታል፣ ኦባማ እዛ የገባው በጃንዋሪ 2005 ነው (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሁለተኛው ደሞ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስላለው የዛ ምክር ቤት አባል ነው። የኢሊኖይ ስቴት ሴኔት 59 አባላት አሉት፣ ኦባማ በ1996 ተመርጦ በጃንዋሪ 1997 ገባና እስከ ኖቬምበር 2004 ቆየ። ስምንት አመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው፣ ዋሽንግተን ሴኔት ከቆየበት በእጥፍ ይበልጣል። ሰው ግን ስለ ኦባማ ሲያወራ ሁሌም በ2004 ቦስተን ላይ በዲሞክራቶች ጉባኤ ካደረገው ንግግር ነው የሚጀምረው፣ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው የተሰራው እነዛ ብዙ ሰው የማያውቃቸው አመታት ውስጥ ነው።

አገባቡ ራሱ የዋዛ አልነበረም። ወንበሩ የአሊስ ፓልመር ነበር፣ እሷ ለኮንግረስ ልወዳደር ብላ ስትነሳ ኦባማን ትተካኛለህ ብላ ደገፈችው፣ ኋላ ግን የኮንግረሱን ውድድር ተሸነፈችና ወንበሬን መልስልኝ አለች። እምቢ አለ። እምቢ ማለት ብቻ አይደለም፣ ተወዳዳሪ ለመሆን 757 የመራጮች ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር የእሱ ሰዎች ፊርማዎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ሲያዩ ብዙው ልክ ሆኖ አልተገኘም፣ ፓልመርም ሌሎቹም ተወዳዳሪዎች ከዝርዝሩ ወጡ፣ እሱ በፓርቲው ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት የውስጥ ምርጫ፣ ብቻውን ቀረ። ሕጉ ይፈቅድለታል፣ ጥፋት አይደለም፣ ግን ያመነችህን ሰው እንደዛ ማድረግ ከባድ ነው፣ እስከዛሬም የሚያዝኑበት የቺካጎ ሰዎች አሉ። እኔም ይቺን ነገር ሳልናገር ስለ ሰውየው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብጽፍ ደስ አይለኝም።

ከዛ ስፕሪንግፊልድ ገባ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ያለበት የኢሊኖይ ዋና ከተማ ማለት ነው። ከቺካጎ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስብሰባ ባለበት ሳምንት ሚስቱን ትቶ መኪናውን እየነዳ ይሄዳል፣ ሲጨርስ ይመለሳል፣ ስራው አመቱን ሙሉ ስላልሆነ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምርም ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት አመታት ሴኔቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ናቸው፣ የአናሳው ፓርቲ ሰው ደሞ ረቂቅ ቢያቀርብም አንዷ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ እዛው ይቀበራል፣ ለድምጽ እንኳን አይደርስም። በዛ ላይ ሃርቫርድ የተማረ፣ ረጅም ንግግር የሚወድ አዲስ ልጅ ነው፣ አንዳንዶቹ ገና ሲያዩት ነው ያልወደዱት። ምን አደረገ፣ ማታ ማታ ከሌሎች ሴናተሮች ጋር ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ መጫወት ጀመረ። ከገጠር የመጡ፣ ከቢዝነስ የመጡ፣ ከሪፐብሊካንም ያሉበት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ጠባይ አጠና ማለት ነው። ሲጫወትም ጠንቃቃ ነበር ይሉታል። በ1998 የስጦታ እገዳ ሕግ ሲወጣ፣ ማለትም ፖለቲከኞች ጉዳይ ካላቸው ሰዎች ስጦታ እንዳይቀበሉ የሚከለክለው፣ ከሁለቱም ፓርቲ ተሰባስበው ከሰሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

መሃል ላይ ደሞ ወደቀ። ዲሴምበር 1999 ላይ ስለ ጦር መሳሪያ ትልቅ ረቂቅ ለድምጽ ሲቀርብ እሱ ሃዋይ ነው፣ ገና ሕጻን የነበረች ልጁ ታማበት መመለስ አልቻለም፣ ረቂቁ በጥቂት ድምጽ ወደቀ፣ ጋዜጦቹ ክፉኛ ተቹት። በማርች 2000 ለኮንግረስ ወንበሩን ይዞ የነበረውን ቦቢ ራሽን ሊገጥም ወጣ፣ 61 በ30 ተሸነፈ፣ ሽንፈት ብቻ ሳይሆን ውርደት ነው። በዛው አመት የዲሞክራቶች ጉባኤ ሎስ አንጀለስ ነበር፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሄደ፣ አየር ማረፊያ መኪና ልከራይ ብሎ ካርዱን ሲሰጥ አልሰራም፣ ብር የለውም። አዳራሹ ውስጥ የሚያስገባ ፓስ እንኳን ስላልነበረው ጉባኤው ሳያልቅ ጥሎ ተመለሰ። ይሄ የደረሰበት ሰው ነው እንግዲህ ከአራት አመት በኋላ በዛው የፓርቲ ጉባኤ ዋናውን ንግግር ያደረገው።

ለኔ ግን ትልቁ ነገር የ2003ቱ ነው፣ ስለሱ ትንሽ ልዘርዝር። በ2002ቱ ምርጫ ዲሞክራቶች ሴኔቱን ያዙ፣ ኤሚል ጆንስ የሚባል ሴናተር የስቴቱ ሴኔት ፕሬዝዳንት ሆነ፣ ኦባማ ሄዶ አሁን ስልጣን አለህ፣ የአሜሪካ ሴናተር ልታደርግ ትችላለህ አለው፣ ማንን ሲለው፣ እኔን። ጆንስም ትላልቅ ረቂቆችን ይሰጠው ጀመር፣ ለአመታት የለፉባቸው ሌሎች ሴናተሮች እኛ የሮጥንበትን እሱ ሊያስቆጥረው ነው ብለው ተቀየሙ፣ ቅያሜያቸውም እውነት አለው።

ከረቂቆቹ አንዱ ስለ ፖሊስ ምርመራ ነው። ያኔ ኢሊኖይ ውስጥ የሞት ፍርድ ነገር አስደንጋጭ ደረጃ ደርሶ ነበር፣ ከ1977 ጀምሮ 12 ሰው ተገድሎ 13 ሰው ደሞ ሞት ከተፈረደበት በኋላ ነጻ ሆኖ ወጥቷል፣ የተገደሉት ነጻ ከወጡት አነሱ ማለት ነው። ገዥው ጆርጅ ራያን ሪፐብሊካን ሆኖ ሳለ በጃንዋሪ 2000 ቅጣቱን አስቆመው። ቺካጎ ላይ ጆን በርጅ የሚባል የፖሊስ አዛዥና በስሩ የነበሩ ሰዎች ተጠርጣሪዎችን እያሰቃዩ ቃል ይቀበሉ ነበር፣ በርጅ በ1993 ተባረረ፣ በ2010 ደሞ ስለ ማሰቃየቱ በሐሰት መስክሯል ተብሎ ተፈረደበት። ራያን ስልጣን ሊለቅ ሲል በጃንዋሪ 2003 ምህረት ካደረገላቸው ውስጥ በዛ መንገድ ያልሰሩትን ሰራን ብለው የፈረሙ ነበሩበት። እስቲ አስበው፣ በር ተዘግቶ ማንም ሳያይ አንተና መርማሪው ብቻ ናችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርመሃል፣ ዳኛው ፊት ተገርፌ ነው ብትል ማን ያምንሃል።

ረቂቁ የሚለው በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲመረመር ሙሉው ይቀረጽ፣ ካልተቀረጸ የሰጠው ቃል ፍርድ ቤት ተቀባይነት እንደሌለው ይቆጠር ነው። ፖሊሶቹ አልፈለጉም፣ አቃቤ ሕጎቹ አልፈለጉም፣ አዲሱ ገዥ ሮድ ብላጎጄቪችም መጀመሪያ እንደማይደግፍ ተናግሮ ነበር። ኦባማ ሁሉንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ለሳምንታት አወያየ፣ ለፖሊሶቹ የሚላቸው ቪዲዮው እናንተንም ነው የሚጠብቃችሁ፣ በትክክል የሰራ ፖሊስ ደብድቦኛል ተብሎ ሲከሰስ ማስረጃው እጁ ላይ ይሆናል፣ የእውነት ገዳዩም ክጃለሁ ብሎ አያመልጥም ነው። በመጨረሻ ሴኔቱ ውስጥ አንድም ተቃውሞ ሳይኖር አለፈ፣ ገዥውም በጁላይ 2003 ፈረመበት፣ ኢሊኖይ በሕግ አውጪው ምክር ቤት በኩል ይሄን ግዴታ ያደረገ የመጀመሪያው ስቴት ሆነ። ለጥያቄህ መልሱ ይሄ ነው ወንድሜ። መወጣጫ አድርጎታል፣ ግን ሲወጣ ለሰው የሚተርፍ ነገር ጥሎ ነው የወጣው።

ጥያቄ፦ ኦባማ ስቴት ሴኔት እያለ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ አዎም አይም ሳይል ነበር የሚያልፈው ይባላል፣ እውነት ነው? ፈሪ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ እውነት ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ሴናተሩ የሚጫናቸው ቁልፎች ሶስት ናቸው፣ አዎ፣ አይ፣ እና ፕረዘንት (አለሁ ማለት ነው፣ አዎም አይም ሳይሉ)፣ እሱ ወደ 4 ሺህ ከሚጠጋ ድምጽ 129 ጊዜ ፕረዘንት ብሏል። ግን አንድ ነገር እወቂልኝ እህቴ፣ ሕግ የሚያልፈው ከ59ኙ 30 አዎ ሲገኝ ስለሆነ ፕረዘንት ማለት በውጤቱ ከአይ አይለይም፣ አብዛኛውን ጊዜም ፓርቲው ተስማምቶ በጋራ የሚያደርገው ነው። አንዳንዱ ሀሳቡን ወድጄዋለሁ ግን ሕገ መንግስቱን ይጥሳል ለማለት ነው። ሆኖም ብቻውን ወይም ከጥቂቶች ጋር ፕረዘንት ያለባቸውም አሉ፣ እነሱን በተመለከተ አቋምህ ምንድነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በ2008ቱ ምርጫ ተፎካካሪዎቹም ጠይቀውታል።

ጥያቄ፦ እሱ ሲለቅ ወንበሩን ማን ያዘው?

መልስ፦ ኖቬምበር 2004 ላይ ኦባማ የአሜሪካ ሴኔትን በ70 በመቶ አሸንፎ የስቴቱን ወንበር ሲለቅ የተተካው ኩዋሚ ራውል ነው፣ ከሄይቲ የመጡ ወላጆች ልጅ፣ ከ2019 ጀምሮ ደሞ የኢሊኖይ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ሆኗል። በ2011 ኢሊኖይ የሞት ቅጣትን ጨርሶ ሲሰርዝ፣ ገዥው ፓት ክዊን በማርች የፈረመበትን ረቂቅ ሴኔቱ ውስጥ ይዞ የተከራከረው ይሄው ራውል ነው፣ ከዛችው ወንበር ላይ ሆኖ።