ፋይቭ ኤል ወይስ ቱ ኬዲ? ለሥራ ቀንም ለሽርሽርም የሚሆን ሃይ ኤስ ስለመምረጥ

ጥያቄው የደረሰኝ አዲስ አበባ ከሚኖሩ የአራት ልጆች እናት ነው። በሥራ ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ቢሮ የሚሄዱበት፣ በወር አንዴ ላንጋኖ ሄደው የኋላ ወንበሮቹን አንሥተው የሚያድሩበት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ ባሕር ዳር የሚደርሱበት ያገለገለ ቶዮታ ሃይ ኤስ መግዛት ይፈልጋሉ። በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት መኪና ቀርቦላቸዋል፤ አንደኛው ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌው ፋይቭ ኤል የተባለ ሞተር ያለው ሲሆን ሁለተኛው ባለ ተርቦ ቱ ኬዲ የተባለው ሞተር ያለው ነው። ሁለቱም በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው።

እመቤቴ፣ ወደ ሞተሩ ከመግባታችን በፊት መኪናው ቀድሞ ምን ሲሠራ እንደኖረ ይወቁ። ሞተር በገንዘብ ይታደሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወርድና ሲጭን የኖረ ቦዲ ግን ወለሉም፣ የተንሸራታቹ በር ሐዲድም፣ ፍሪሲዮኑም አብረው ያለቁ ስለሚሆኑ አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይጠብቅዎታል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ እንደ በረዶ የነጣ ሃይ ኤስ «የቤት መኪና ነው» ተብሎ ሊገዛ ሲል ወደ ጋራዤ አመጣልኝ። የተንሸራታቹን በር ጎማ ጫፉን ይዤ ትንሽ ሳብ ሳደርገው ከሥሩ የታክሲው ሰማያዊ ቀለም እንዳለ ተቀምጧል። ቀለም ቀቢ ጎማ አንሥቶ የሚቀባው እምብዛም ነውና እርስዎም እዚያው ቦታ ይመልከቱ፤ ሊብሬውንም ከመኪናው ጋር ያስተያዩ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ፋይቭ ኤል 2,986 ሲሲ ሲሆን አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር የማይፈልግ በመሆኑ መንገድ ላይ ቢቆም የትኛውም ከተማ ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ጉድለቱ አዲስ አበባ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው አየር ሲያንሰው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስምንት ሰውና ዕቃ ጭነው ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተቱ፣ ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው ሳይነቀል ነው የሚደርሱት። ቱ ኬዲ 2,494 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሳለ ተርቦው አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባለት ይህን ዳገት በተሻለ ጉልበት ይወጣል፤ ነዳጅም ይቆጥባል።

ስለዚህ ለእርስዎ አኗኗር የምመርጠው ቱ ኬዲን ነው፤ ነገር ግን ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሳይመረመሩ ቀብድ እንዳይከፍሉ። በዚህ ሞተር ላይ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ አምልጦ ዘይቱን በጥላሸት ማበላሸቱ ነው፤ ጥላሸቱ በካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ሲደፍነው ሞተሩ ዘይት ያጣና የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ይበላሉ። የፊት ወንበሩን አንሥተው፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ወይም የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ ከያዘ ሌላ መኪና ይፈልጉ። ይህን ካለፈ መካኒክዎ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመለሰውን ናፍጣ በየራሱ ጠርሙስ ይቀበል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ የሚሞላው ያለቀው ነው። የሁለቱም ሞተሮች ታይሚንግ (ቫልቮቹ በጊዜው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ክፍል) በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ የሚዞር በመሆኑ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በማስረጃ ካልተነገረዎት እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀንሱ።

የሽርሽሩ ዝግጅት ብዙ አያስጨንቅም። የኋላው ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ለጭነት የተሠራ ስለሆነ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ይነጥራል፤ አንዳንዶች «ይለስልስልዎ» ብለው አንድ ቅጠል ያወጣሉ፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ቤተሰቡ ሁሉ በተሳፈረበት ቀን ወገቡ ይሰምጣልና። ይልቁንም ጎማው ለጭነት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡና ነፋሱን እንደ ጭነቱ ያስተካክሉ። ባለ 20 ሊትር የውኃ ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ አራቱን ጣሪያ ላይ ካሰሩ መኪናው ኩርባ ላይ ይንገዳገዳል፣ ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ወለሉ ላይ ከመካከለኛው ወንበር አጠገብ ያድርጉት። ወንበሮቹንም በብየዳ ሳይሆን በራሳቸው ብሎን የሚነሡና የሚመለሱ አድርገው ያሠሩ፤ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ይፈልጓቸዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሆነ መውረድ ሳይጀምሩ ማርሹን ቀንሰው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያድርጉ፤ እግርዎ ከፍሬኑ ካልተነሣ የፍሬኑ ሸራ ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ለመሞከር ሲሄዱ ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሣልዎ አስቀድመው ይንገሩት። በማለዳ ደርሰው ሞተሩን በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እርስዎ ራስዎ ያስነሡት፤ ከዚያም ባለቤትዎንና ልጆቹን ሁሉ አሳፍረው ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ይውጡበት።