«ባላገር» ስትሉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ሦስት ወጣቶች ተጠጋግተው ወንበር ለቀቁልኝ። «አባባ፣ ይቀመጡ» ብለው ሻይም አዘዙልኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ጋቢ ደርቧል፣ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ በእጁ የተጠቀለለ ወረቀት የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። ባጃጁ ሲያልፍ ሚኒባስ ይመጣል፣ ሚኒባሱ ሲያልፍ ባጃጅ ይመጣል። አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ ያወርድና መልሶ ይሰበስበዋል። ከልጆቹ አንዱ «እዪው ባላገሩን» አላት ለጓደኛው። ሦስቱም ሳቁ። እኔ ምንም አላልኩም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሎ ውስጥ በሕግ ሥራ ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ ዳኛ፣ በኋላ ጠበቃ። ሥራዬ ቃል መመዘን ነበር። አንዱ ምን አለ፣ ሌላው ምን ሰማ፣ መሀል ላይ ምን ተጎዳ። ይህን ቃል ግን ከፍርድ ቤት በፊት ነው የማውቀው።

በ1963 ዓ.ም. ከወረኢሉ በኩል ደሴ መጣሁ፣ ለዘጠነኛ ክፍል። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤት ስንቅ ይመጣል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ትንሽ ሽሮ። ክፍል ውስጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የአነጋገሬ ዜማ ያስቃል። አንድ አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆኝ በትክክል መለስኩ። «ባላገሩም ያውቃል ለካ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መልሱ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። ሳቁን ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ያደረግሁት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ስንቅ ይዞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ባዶ እግሩን ነው፣ አህያዋን በገመድ ይዟል። ጓደኞቼ አጠገቤ ነበሩ። በጓሮ በኩል ዞሬ ወጣሁ። አባቴ እስከ ማታ ጠብቆ ስንቁን ለዘበኛው አስረክቦ ሄደ። በሚቀጥለው እንገናኛለን ብሎ መልእክት ተወልኝ። ስንገናኝም ምንም አልጠየቀኝ። እኔም ሳልነግረው ሞተ።

ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት፤ ባለ አገር ነው። አገር ያለው፣ አገሩ የሱ የሆነ። እንደ ባለቤት፣ እንደ ባለርስት፣ እንደ ባለሙያ ያለ ቃል ነው። ታዲያ እንዴት ስድብ ሆነ? በድሮው አነጋገር ባላገር ከወታደር ጋር ነው የሚጠራው። ወታደር ይዘምታል፣ ባላገር ያርሳል። ወታደሩ ግን ሲዘምትም ሲመለስም ባላገሩ ቤት ነው የሚሠፍረው። ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ በቅሎውን ይቀልባል። እምቢ ማለት አይችልም። ሰው የሚበላበትን ሰው ወይ ያመሰግነዋል ወይ ይንቀዋል። ወታደሩ መናቁን መረጠ።

ደግሞ «ጨዋ» የምንለውን ቃል ተመልከቱ። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ ማለት ንጉሡ በየጠረፉ የሚያሰፍረው ጭፍራ ነበር። የሚኖረውም ገበሬው በሚከፍለው ነው። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ሰው ነው። ዛሬ ግን ጨዋ ስንል ሥርዓት ያለው፣ የታረመ ሰው ማለታችን ነው። እኔም ከላይ ልጆቹን ጨዋ አልኳቸው። የበላው ሰው ስም ከበረ፣ ያበላው ሰው ስም ወደቀ ማለት እችል ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይቀላል፤ በልተው የሄዱት ስም አወጡ፣ ያበላው በወጣለት ስም ተጠራ። በኋላ ከተማው ሲያድግም እንዲሁ ሆነ። አራዳ የአዲስ አበባ የድሮ የገበያ ሠፈር ስም ነው። ዛሬ «አራዳ ነው» ስትሉ ብልጥ፣ ንቁ ማለታችሁ ነው። የገበያ ሠፈር ስም ሙገሳ፣ የባለ አገር ስም ስድብ ሆኖ አረፈ።

እናንተ ይህን ሁሉ አስባችሁ እንደማትናገሩት አውቃለሁ። «ለቀልድ ነው» ትላላችሁ። እኔም ዳኛ ሆኜ ለቀልድ እንኳን ሳይሆን በችኮላ ተናግሬዋለሁ።

1985 ዓ.ም. ነው። ችሎት ላይ ነኝ። ከሳሹ የደላንታ ገበሬ ነው። ለአንድ የደሴ ነጋዴ በሬ በዱቤ ሸጧል፤ ነጋዴው ግማሹን ከፍሎ ግማሹን ክዷል። ተከሳሹ ኮት ለብሷል፣ ጠበቃ ይዟል፣ የሚናገረው አጭር ነው። ገበሬው ግን ከበሬው ጀመረ። ዳልቻ ነው፣ ግንባሩ ቦራ ነው፣ እናቱ የእከሌ ላም ናት፣ በየትኛው ክረምት ተወለደ፣ በስንት ዓመቱ ቀንበር ለመደ። ያን ቀን ብዙ መዝገብ ነበረብኝ። «አንተ ባላገር፣ የተጠየቅከውን ብቻ መልስ!» አልኩት።

ሰውየው አልተቆጣም። ጋቢውን አስተካከለና «አዎን ጌታዬ፣ የደላንታ ባላገር ነኝ» አለ። ቀጠለና ቀበሌውን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ይቆጥርልኝ ጀመር። ሰዳቢው እኔ ነኝ፤ እሱ አድራሻውን የጠየቅሁት ነው የመሰለው። ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ነጋዴውም ሳቀ። የሱ ሳቅ ነው እስከ ዛሬ የሚሰማኝ።

ገበሬው ሳቁን ሲሰማ ገባው። ፊቱ ጭፍግግ አለ። ከዚያ ወዲያ ለጠየቅሁት ሁሉ «አዎን» እና «የለም» ብቻ ሆነ መልሱ። ያቋረጥኩት ቦታ ላይ ሊነግረኝ የነበረው ገንዘቡ ሲቆጠር አጠገባቸው ስለነበረው ሰው ነው። ያ ሰው ምስክር ነበር። ስሙ መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተቀጠረ። ሁለት ጊዜ ከደላንታ ተመላለሰ፣ ግማሽ በእግሩ፣ ግማሽ በጭነት መኪና። በሦስተኛው ምስክሩ ተገኝቶ ተፈረደለት። ለመንገድ ያወጣው ገንዘብ ግን ከቀረለት የበሬ ዋጋ ብዙም አይተናነስም ነበር።

አንድ ቃል ምን ይጎዳል ለምትሉኝ እኔ የማውቀው ጉዳት ይህ ነው። ከተሰደበ በኋላ ሰው ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው ሐኪም ቤት የሚያመውን በሙሉ አይናገርም፣ ባንክ ቤት ያልገባውን ፎርም ይፈርማል፣ ፍርድ ቤት ምስክሩን ሳይጠራ ይወጣል።

ስለ እኛ ስለ ወሎዎች ደግሞ ሌላም አለ። ከወሎ ወጣ ስትሉ እናንተ ራሳችሁ «ባላገር» ትሆናላችሁ፣ ያውም የተራበ ባላገር። በ1977 ዓ.ም. ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፣ የተሰበሰበው ሕዝብ ምስል ዓለምን ሁሉ ዞረ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄጄ ከየት እንደመጣሁ ተጠየቅሁ። «ከወሎ» አልኩ። «እንኳን ተረፍክ» አለኝ አንዱ። ተሳቀ። ኮት ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ ነበር። ክራቫቱ ምንም አልረዳኝም።

ከዚያ በፊት የነበረውን የ1965 እና የ1966 ረሃብ ተማሪ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ባላገሩ ከየቆላው እየተነሣ አስፋልት ዳር ሲወድቅ አይቻለሁ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርታ ሴን በኋላ ያንን ረሃብ አጥንተውት ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። እህል ያጣው እህል የሚያመርተው ሰው ነው፤ ማሳው ሲደርቅበት መግዣም አብሮ አጣ። እኛ ከተማ ያለነው በልተን አደርን። እና ከዚያ ሁሉ በኋላ «ረሃብተኛ» የሚለው ስም የማን ሆነ? የእሱ።

ከ1977 ጀምሮ በሰፈራ ወደ ምዕራብ የተወሰደው ሰው ደግሞ ሌላ ስም ተጨመረለት። በጠቅላላ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው የተጓጓዘው፣ ትልቁ ክፍል ከወሎ። እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ አግብቶ፣ እዚያ ልጅ የዳረ ሰው እስከ ዛሬ «ሰፋሪ» ይባላል። እዚህ ባለ አገር ተብሎ ተሰደበ፣ እዚያ ደግሞ አገር የለህም ተብሎ። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ አንጀቴ ግን አይችለውም።

ሕጉስ ምን ይላል የሚል አይጠፋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስድብና ማዋረድን በአንቀጽ 615 ይቀጣል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ባለእጁን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቦቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በወንጀል ሕጉም ቢሆን ተበዳዩ ራሱ ማመልከት አለበት። የትኛው ገበሬ ነው «ባላገር» ተባልኩ ብሎ የሦስት ቀን እርሻ ጥሎ አቤቱታ የሚያጽፍ? አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ገጥሞኛል። ከሳሿ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የተከሳሿ መከራከሪያ «ባላገር ስድብ አይደለም፣ ከባላገር መምጣቷ እውነት ነው» የሚል ነበር። እውነትም ከባላገር ነው የመጣችው። ልጅቷን «ምን ሲያደርጉ ነው ያሉሽ?» አልኳት። «ሳህኑን ሲነጥቁኝ ነው ያሉኝ» አለች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ታዲያ ቃሉን ጨርሰን እንተወው ወይ? እኔ እንተወው አልልም። ገጠር ሂዱና ስሙት። «የዚህ አገር ባላገር ነኝ» ሲል ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ነው። ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለ፣ ጥሩ ነው። የምትዘፍኑባቸው ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ራሱን በራሱ ባላገር የሚለውን ሰው ማንም አይከለክለው። ገጠር ተወልዳችሁ እርስ በርሳችሁ ስትቀላለዱም እኔ ምን አገባኝ።

እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየው መልሶ ሊጠራህ ይችላል? አንተ «ባላገር» ብትለው እሱ «ከተሜ» ቢልህ አይሰማህም። የሚመልሰው ቃል በአማርኛ የለውም። ሁለተኛ፣ ማን ሳቀ? እሱም አብሮ ከሳቀ ቀልድ ነው ልበል። እሱ ሳይሰማ፣ ወይም እየሰማ መሬት መሬት እያየ እናንተ ብቻ ከሳቃችሁ ግን ቀልድ አትበሉኝ። ቲክቶክ ላይ የሚለጠፉት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የልጄ ልጅ አሳየችኝ፤ አንዲት እናት ሊፍት ለመግባት ስትፈራ፣ አንድ ሽማግሌ ኤቲኤም ፊት ግራ ሲገባው። ሥር «ፋራ»፣ «ገጠሬ» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። እናትየዋ መቀረጿን እንኳ አታውቅም። እባካችሁ፣ ቢያንስ ይህንን አታድርጉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና «እማማ፣ በዚህ በኩል ነው» በሏት። ወሎ ያሳደገን እንደዚያ ነው። እንግዳ ሲደናበር «አብሽር» ብለን እጁን እንይዛለን እንጂ አንቀርጸውም።

አምና ለቅሶ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ ወረድኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ድንኳን ተጥሏል። እዚያ ልማዱ ከሩቅ የመጣ ለቅሶኛ ቀድሞ ይበላል፣ ባላገሩ ኋላ ነው። ሰው የሚያስቀምጠው ሽማግሌ ዓይኑ ደክሟል፤ አላወቀኝም። ክንዴን ያዘና «እንግዳ ነዎት ወይስ ባላገር?» አለኝ።

የአባቴ መሬት ዛሬ በወንድሜ ልጆች እጅ ነው። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ባላገር ነኝ ልል አፌ ተከፈተ። ከኋላዬ የቆመው ልጅ ኮቴንና የተወለወለ ጫማዬን አየና ቀድሞኝ መለሰ፤ «ከደሴ የመጡ እንግዳ ናቸው።» ሽማግሌው «ይቅርታ ጌታዬ» አሉና በእንግዶች በኩል ወንበር አመጡልኝ። ከመጀመሪያዎቹ ጋር በላሁ። የአባቴ ጎረቤቶች ከድንኳኑ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።